ቀትር ላይ የሚቆመው ሞተር

ፋንታን ከቅጥሩ ውጭ ቀበሩት። ካህን አልቆመለትም፤ ፍትሐትም አልተደረገለትም። ከዓባይ ያወጡት ሰዎች በሰሌን ጠቀለሉት፤ ከሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ማዶ ቁጥቋጦ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረው አፈር መለሱበት። እናቱ ወይዘሮ ወለተ ሐና አፈሩ አጠገብ ተቀምጠው ሰነበቱ። አንድ ቀን ጠዋት ተነሡና የልጃቸውን ሸሚዝ በጉያቸው ይዘው የቢቸናን መንገድ ጀመሩ።

ቢቸና ሲደርሱ ገበያ ነበር። በእህሉና በከብቱ መሀል አልፈው ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ተቀመጡ። ዘበኛው ቢያስነሣቸው ተመልሰው ተቀመጡ። ደግሞ ቢያስነሣቸው ደግመው ተቀመጡ። በመጨረሻ መቶ አለቃ ኃይለ ጊዮርጊስ ራሱ ወጣ። በዚያ በጃንሆይ ዘመን፣ በቢቸናም በሞጣም አውራጃ የሰው ነፍስ ጠፍቶ ነገሩ ሲጨልም የሚላከው እሱ ነበር። ቀጭን ነው፤ ጥቂት ይናገራል። ዕቃ ሲመረምር አስቀድሞ በእጁ ጀርባ የመንካት ልማድ አለው።

«ምን ፈልገው ነው፣ እናቴ?»

«ልጄን ወደ ውስጥ አስገቡልኝ።»

«ታስሯል?»

«መታሰርማ ምን አለበት ጌታዬ። ከቅጥር ውጭ ነው ያለው።»

ከዚያ ነገሩን አወጉት። ፋንታ ከሞጣ በታች ዓባይ መሻገሪያው ላይ የሞተር ጀልባ ነጂ ነበር። ጀልባዋን ወንዝ ሊያጠኑ የመጡ ሰዎች ናቸው ለአገሩ ትተዋት የሄዱት። የግንቦት ልደታ ዕለት፣ ቀትር ላይ፣ ብቻውን ከማዶ ሲመለስ ሞተሩ ወንዙ መሀል ዝም አለ። ፋንታ ልብሱን አወለቀ፤ ውሃ ውስጥ ገባ። በማግስቱ ጀልባዋን ከቋጥኝ ላይ አውርደው ሞተሩን ቢሞክሩት ወዲያው ተነሣ። ስለዚህ ራሱ አጥፍቶት፣ ራሱን ገደለ ተባለ። ቀትር ላይ የሚወጣው ጋኔን ጠራው ያለም አለ። የሞጣ ፖሊስም ከዚህ አላለፈም።

«በሁለቱም ፍትሐት የለውም አሉኝ» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሐና። «አርባው እየመጣ ነው። ያለ ፍትሐት ምን ተዝካር አለ? እንዲያው እንደ ውሻ ሜዳ ላይ ሊቀርብኝ ነው።»

ሸሚዙን ዘረጉለት። ካኪ ነው፤ ውሃው ዳር የተገኘ። ግራ እጅጌው የለም።

«አዞ ነው የቀደደው አሉኝ።»

መቶ አለቃው የሸሚዙን ትከሻ በጣቱ ተከተለው። ስፌቱ ዙሪያውን ተተርትሯል። ሌላ ቦታ አንድ ቀዳዳ የለም።

«አዞ ስፌት መርጦ አይቀድም» አለ።

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩት። ጥቂት ካመነቱ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሌላም አለ፤ ቢስቁብኝም ልንገርዎ። ልጄ ይመጣል። ፋንታዬ ሁልጊዜ ቤንዚን ቤንዚን ይሸት አልነበር? አሁንም ይሸተኛል። ቤቴ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ቄሳችን አባ ሣህለ ማርያም መጽሐፋቸውን ሲያሳልሙኝ፣ ልክ ከንፈሬ ሲነካው። ነፍሱ ማረፊያ አጥታ እዚያ ቆማለች።»

መቶ አለቃው አልሳቀም። ዘበኛውን ጠርቶ በቅሎ እንዲጫን አዘዘ።

ሞጣ እንደ ደረሰ መጀመሪያ ያነጋገረው በላቸውን ነው። በላቸው ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ መካኒክ ነው፤ የጀልባዋን ሞተር የሚጠግነው እሱ ነበር። ጋራዡ በር ላይ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተቀበለው።

«ሞተሩ ጤነኛ ነው ጌታዬ። አንዴ ስስበው ተነሣ። ቤንዚኑ ግማሽ ድረስ አለ፤ ካንዴላውም ንጹሕ ነው።»

«ይቆምብኛል ብሎህ ያውቃል?»

«መቼ ብሎኝ የማያውቀው! ‹በላቸው፣ ቆላው ሲግል ይቆማል።› በሰው አሸክሞ እዚህ ያመጣዋል። እኔ በርሜል ውሃ ውስጥ ከትቼ አስነሣዋለሁ፤ እስኪሰለቸኝ ይሠራል። ‹ሙቀት የማትወደው አንተ ነህ እንጂ ሞተሩ አይደለም› ብዬ እልከዋለሁ።»

«ሞጣ ብርድ ነው።»

«ታዲያስ?»

«ቀትር ላይ ወንዙ ወርደህ ሞክረኸዋል?»

በላቸው ሳቀ። «እኔ? ቀትር ላይ? ኧረ ጌታዬ፣ ገና ሚስት አላገባሁም!»

መቶ አለቃው እጁን ዘረጋ። «ያንን ጨርቅ አምጣው እስኪ።»

ጨርቁ ጥላሸትና ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። ሲገለጥ ግን ጫፉ ላይ አንድ አዝራር ነበረው።

«ከየት አገኘኸው?»

«ከዚያው ከሞተሩ። ኮፈኑን ስከፍት ቱቦው ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ቋጠሮው እንኳ አላለቀም። ለእጅ መጥረጊያ ደህና ነው ብዬ ያዝኩት።» ፊቱ ተለወጠ። «ምነው?»

መቶ አለቃው ሸሚዙን ከኮረጆው አውጥቶ ጨርቁን ትከሻው ላይ ገጠመው። ገጠመ። በላቸው እጁን የሚያደርግበት አጣ።

«ሌላ የጎደለ ዕቃ አለ?»

«ማስነሻ ገመዱ። እንጨት እጀታ ያለው ነበር። ውሃ ወስዶት ይሆናል፤ እኔ በሌላ ገመድ ነው ያስነሣሁት።»

ወደ ዓባይ የሚወርደው መንገድ ረጅም ነው። በወረዱ ቁጥር አየሩ ይከብዳል። መሻገሪያው ላይ አንድ ዳስ አለ፤ አገሬ የምትባል ሴት ጠላ ትሸጥበታለች። መቶ አለቃው ሲደርስ ቀትር ሊሆን ተቃርቧል። ሰዉ ከዳሱ ሥር ገብቶ ጀርባውን ለወንዙ ሰጥቶ ተቀምጧል። ጥላ እግር ሥር ሲሰበሰብ በዚያ አገር ወደ ውሃው የሚያይ የለም፤ ስምም አይጠራም። ሰው በስሙ ከተጠራ ጠሪው ማን እንደሆነ አይታወቅማ።

አገሬ ፊቷን ሳታዞር ተናገረች።

«አይቻለሁ። ወይኔ፣ ባላየሁ! እዚህ ቆመን እስኪያሻግረን እንጠብቅ ነበር፤ ማዶ ለልደታ ልንሄድ። መሀል ላይ ሞተሩ እህህ እህህ አለና ዝም አለ። ፋንታ ኮፈኑን ከፈተ። ከዚያ ሸሚዙን አወለቀ። በጥርሱ ይዞ ሲታገለው አየሁ፣ እንደ አበደ ሰው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ለወንዙ ሰጠው።»

«ጣለው?»

«ሰጠው ነው የምልዎ። ነክሮ አወጣው፤ ደግሞ ነከረው። ከዚያ ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ቆየ። ጀልባዋ ወደ ቋጥኞቹ እየሄደች ነው። ጮህን። ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እጁን ወደ ኋላ አደረገ፤ በዚያው በጀርባው ውሃው ውስጥ ገባ።»

«በፊትስ ቀትር ላይ ይሻገር ነበር?»

«እሱ ብቻ ነው የሚደፍር። በቅል ውሃ እየቀዳ ኮፈኑ ሥር ያፈስ ነበር። ‹ክርስትና እያነሣኸው ነው ወይ?› እያልን እንስቅበታለን። አባ ሣህለ ማርያም ግን አልሳቁም። አንድ ቀን እዚሁ አስከፍተው አይተው በጣም ተቆጡት።»

ከዳሱ ጥግ ውበቴ ተቀምጧል። ሞተሩ ሳይመጣ በፊት ሰውና ዕቃ በተነፋ ቆዳ እየዋኘ የሚያሻግር እሱ ነበር። የፋንታን ሬሳ ያወጣውም እሱ ነው።

«እኔን ሊጠረጥሩ ነው የመጡት» አለ። «እንጀራዬን የወሰደ ጀልባ ነው፤ መጠርጠሬ አይቀርም።»

«ያን የተነፋ ቆዳ ያሰርክበትን ገመድ አሳየኝ።»

ውበቴ አቀረቀረ። ገመዱ ጫፍ ላይ የእንጨት እጀታ ታስሯል።

«ከየት መጣ?»

«ከእጁ ላይ።» ገመዱን በአውራ ጣቱ አሻሸ። «መዳፉ ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሞ ነበር። ጣቶቹን አንድ በአንድ ነው ያላቀቅኩት። ጥሩ ገመድ ነው ጌታው፤ አብሮት ከሚበሰብስ ብዬ ነው።»

«ልደታ ዕለት ጠዋት አንተም ተሻግረሃል?»

«ተሻግሬያለሁ። ሽማግሌዎች ነበሩ፤ አባም ነበሩ። አባ ከነመጽሐፋቸው ከኋላ፣ ከሞተሩ አጠገብ ተቀመጡ። ሌላው ይፈራል። ማዶ ስንደርስ ፋንታ ሽማግሌዎቹን እያዘለ ወደ ደረቁ አወጣቸው። አባ መጨረሻ ወረዱ።»

ጀልባዋ ዳር ላይ ታስራለች። በላቸው ሞተሩን መልሶ ገጥሞላታል። መቶ አለቃው ብቻውን ሄዶ ኮፈኑን አነሣ። የቤንዚን ቱቦውን በእጁ ጀርባ ነካው፤ ያቃጥላል። ቱቦው ላይ ጣት የሚያህል የደረቀ ደለል እንደ ቀለበት ከቦታል፤ ደለሉ ላይ የጨርቅ ድርና ማግ ታትሞበታል። የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ማሰሪያው ብረት ሥር ጥቂት ክሮች ተይዘው ቀርተዋል። ነጭ ናቸው። ጫፋቸው እኩል ተቆርጧል።

እጅጌው ግን ካኪ ነው።

ቄስ ሣህለ ማርያም ቤታቸው ደጅ ተቀምጠው ብዕር ይቀርጻሉ። ከቅስናቸው ሌላ ብራና ይጽፋሉ፤ እጃቸው ያማረ ነው ይባላል። የመጽሐፋቸው የቆዳ ማኅደር አፉን ከፍቶ ግድግዳው ላይ ለፀሐይ ተሰቅሏል። መጽሐፉም አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተገልጦ ተዘርግቷል።

«ብራና ፀሐይ አይወድም፣ አባ» አለ መቶ አለቃው መስቀል ከተሳለመ በኋላ።

«እርጥበት ነክቶት ነው።»

«በዚህ በጋ?»

ቄሱ ሰንጢያቸውን አጠፉ። «ስለ ፋንታ ነው የመጣህ፣ ልጄ። ራሱን ለገደለ ሰው ቀኖናው የታወቀ ነው።»

«ፋንታ ጥሩ ልጅ ነበር?»

«የንስሐ ልጄ ነበር።»

 ዓይናቸው ከቅጥሩ ማዶ ወዳለው ቁጥቋጦ ሄዶ ተመለሰ። ሰዉ ሲሄድበት የኖረው የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ምዕራብ በር ከውስጥ በእሾህ መዘጋቱን መቶ አለቃው አየ። እሾሁ ገና አልደረቀም። ወደ ፋንታ መቃብር የሚያሳየው በር እሱ ነበር።

መቶ አለቃው መጽሐፉን እንደሚሳለም ጎንበስ ብሎ ቆየ። ከዚያ ተነሣ።

«ነገ ቀትር ላይ ወንዙ እንገናኝ፣ አባ።»

«ቀትር ላይ?»

«አዎን። ሌሎቹም ይመጣሉ።»

በማግስቱ ሁሉም ወረዱ። ጭቃ ሹሙና ጥቂት ሽማግሌዎች፣ በላቸው፣ ውበቴ፣ አገሬ፣ ወይዘሮ ወለተ ሐና፣ ከሁሉ ኋላ ቄሱ። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ከማዶው ገደል የወፍ ድምፅ እንኳ አይመጣም።

«ጌታው፣ ጥላው ዘወር እስኪል ብንቆይ» አለ ጭቃ ሹሙ።

«ጥላው ዘወር ካለ የምፈልገውን አላገኝም። በላቸው፣ አስነሣው።»

በላቸው ገመዱን ሳበ። ሞተሩ ተነሣ። ጀልባዋ እንደ ታሰረች ውሃውን እየገፋች ቆመች።  ሰዉ ላቡን እየጠረገ ጠበቀ። ድምፁ ገደሉ ላይ እየተመታ ይመለሳል። ጥቂት ቆይቶ አንድ ጊዜ ተንተባተበ፤ ደግሞ ተንተባተበ፤ እህህ አለና ቀጥ አለ።

«በስመ አብ!» አገሬ ፊቷን ሸፈነች። «እንደዚሁ ነው ያለው! ልክ እንደዚሁ!»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሽቅብ መሄድ ጀመረ። በላቸው ገመዱን ደጋግሞ ሳበ፤ ምንም የለም። እሱም ከጀልባዋ ሊወርድ እግሩን አነሣ።

«ማንም አይሂድ» አለ መቶ አለቃው። «እናቴ፣ ከነጠላዎ ጫፍ ትንሽ ይቅደዱልኝ።»

ወይዘሮ ወለተ ሐና ቀደው ሰጡት። ውሃ ውስጥ ነከረው፤ ኮፈኑን ከፍቶ ቱቦው ላይ ጠመጠመው፤ በቅል እየቀዳ አፈሰሰበት። ደለሉ በጨርቁ ጫፍ ተንጠባጠበ። ጥቂት ጠበቁ።

«አሁን ሳበው።»

በላቸው ሳበ። ሞተሩ ተነሣ፤ አልቆመም። መቶ አለቃው ራሱ እስኪያጠፋው ድረስ ሠራ።

«ጋኔን የለበትም» አለ። «ቤንዚን ሙቀት ሲበዛበት ቱቦው ውስጥ ሳለ እንፋሎት ይሆናል። ያን ጊዜ ሞተሩ የሚጠጣው ያጣል። ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ለዚህ ነው ሞጣ ብርድ ላይ የማይቆመው፤ ለዚህ ነው በማግስቱ ጠዋት በአንድ ስበት የተነሣው። ደጀን ላይ ከዓባይ በረሃ የሚወጡ የጭነት መኪና ሾፌሮች ፓምፑን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ነው አቀበቱን የሚወጡት። ፋንታም ደርሶበት ነበር።»

እጅጌውን ከኮረጆው አወጣ።

«አገሬ፣ ሸሚዙን ለወንዙ ሰጠ ብለሻል። እየነከረው ነበር። በጥርሱ እጅጌውን ከስፌቱ ተርትሮ አርሶ ቱቦው ላይ አሰረው። በላቸው ያገኘው እዚያው ነው፤ ቋጠሮው አላለቀም። የቸኮለ ሰው ቋጠሮ ነው። ከዚያ ቆመ፤ እጁን ወደ ኋላ አደረገ። ውበቴ፣ እጁ ላይ ምን ነበር?»

«ማስነሻ ገመዱ» አለ ውበቴ። ዓይኑን ከአሮጊቷ አሸሸ። «ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።»

«ገመዱን ሲስብ ጀልባዋ ቋጥኝ መታች፤ ወደቀ። ሊሞት የፈለገ ሰው ሞተር አያስነሣም። የሞተሩን ገመድ መዳፉ ላይ ጠምጥሞ እንደያዘ ነው የሞተው።»

ወይዘሮ ወለተ ሐና አላለቀሱም። «እንግዲያ ይግባ» ብቻ አሉ። «ጌታዬ፣ እንግዲያ ይግባልኝ።»

«ገና አንድ ነገር ቀረኝ። ፋንታ ቀትር ላይ ሲሻገር የኖረ ሰው ነው። ጨርቅ ነበረው፤ ደለሉ ምልክቱን ይዟል። የዚያን ዕለት ለምን ሸሚዙን ቀደደ?» ነጫጮቹን ክሮች በመዳፉ ላይ አሳየ። «የድሮው ጨርቅ ስላልነበረ ነው። ነጭ ነበር። ውሃ አልወሰደውም፤ ኮፈኑ ዝግ ነው። ክሩ በስለት ነው የተቆረጠ። ፋንታ ያላወቀው ኮፈኑ ስለሸፈነው ነው፤ መሀል ላይ ሲቆምበት ነው የከፈተው። የቆረጠው ሰው ኮፈኑ ሥር ምን እንዳለ የሚያውቅ፣ ስለት የያዘ፣ ፋንታ ሰው አዝሎ ሲያወርድ ከሞተሩ አጠገብ ለጥቂት ጊዜ ብቻውን የቆየ ነው።»

ውበቴ ራሱን ቀስ ብሎ አዞረ። ሌሎቹም አዞሩ።

«እርጥብ ጨርቅ ነው» ቀጠለ መቶ አለቃው፤ «ቤንዚን ነክቶታል። ሰው ሳያይ ቶሎ የሚደበቅበት ቦታ ያስፈልጋል። እናቴ፣ የሸተተዎ የልጅዎ ነፍስ አይደለም። ጨርቁ የተደበቀው ማኅደሩ ውስጥ ነው፤ መጽሐፉን እኔም አሽትቼዋለሁ።»

ቄስ ሣህለ ማርያም ማንንም አላዩም። እጃቸውን ከቀሚሳቸው ሥር አስገብተው የተጠቀለለ ጨርቅ አወጡ። ተሸክመውት ነው የወረዱት።

«ላቃጥለው ነበር» አሉ። «እጄ እንቢ አለኝ።»

ወይዘሮ ወለተ ሐና ጥለቱን አወቁት። «የኔ ነጠላ ነው። ‹እማ፣ አሮጌ ጨርቅ የለሽም?› ብሎኝ የሰጠሁት።»

«እኔ ያየሁት የታሰረ ጨርቅ ነው» አሉ ቄሱ። «ወንዝ ዳር ዋርካው ላይ ለጋኔን እንደሚያስሩት። ‹አባ፣ ለሙቀቱ ነው› አለኝ። ሁሉም ለአንድ ነገር ነው ይላል፤ ለዝናብ ነው ይላል፣ ለከብት ነው ይላል። ፍታው አልኩት፤ እሺ አለኝ፤ አልፈታም። ከጋኔኑ እጅ ላወጣው ብዬ ነው። ለነፍሱ ብዬ ነው።»

«ይህን አምንዎታለሁ» አለ መቶ አለቃው። «ከሞተ በኋላስ?»

ቄሱ ጨርቁን በሁለት እጃቸው ያዙት። ዓባይ ድምፁን ሳይለውጥ ይሄዳል።

«ልብሱን አውልቆ ሞተ ሲሉኝ፣ ጋኔኑ ጨርቁን ስለወሰድኩበት ተቆጣ አልኩ። ሲቆይ ደግሞ ‹ለሙቀቱ ነው› ያለኝ ትዝ እያለኝ መጣ። ይህኛውን ማሰብ ፈራሁ። ራሱን ገድሏል ከተባለ ግን ማሰብ አይኖርብኝም።»

«ስለዚህ ከቅጥር አስወጡት።»

«ውስጥ ቢሆን ዕለት ዕለት ላየው ነው። ውጭም ሆኖ አየሁት። በሩን ዘጋሁ። ያው ነው።»

መቶ አለቃው ከዚህ በላይ አልጠየቀም። «ጨርቁን መቁረጥዎንና እውነቱን መሸሸግዎን ለሞጣ ፍርድ ቤት እጽፋለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው የእኔ ሥራ አይደለም» አለ።

ፋንታን በሦስተኛው ቀን አወጡት። ውበቴና በላቸው ቆፈሩ። በእሾህ የተዘጋውን የምዕራብ በር ከፍተው በዚያ አስገቡት። ሌላ ቄስ ከሞጣ መጥተው ፍትሐቱን አደረሱ። አገሬ ከሁሉ በላይ አለቀሰች። ውበቴ ባለ እንጨት እጀታውን ገመድ ይዞ መጥቶ መቃብሩ ውስጥ አኖረው።

ቄስ ሣህለ ማርያም አልገቡም። ያለ ልብሰ ተክህኖ መጥተው፣ ከቅጥሩ ማዶ፣ ባዶ በቀረው ጉድጓድ አጠገብ ቆሙ። ፍትሐቱ አለቀ፤ ሰዉ ተበተነ፤ እሳቸው እዚያው ናቸው። ራሳቸው ላይ ምንም የለም።

ወይዘሮ ወለተ ሐና ከልጃቸው አፈር ተነሥተው ወደ በሩ ሄዱ። ዘግተውት የሚሄዱ መስሎ ነበር። መዝጊያውን ይዘው ቄሱን ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። ጥላቸው እግራቸው ሥር ተሰብስቧል።

«ቀትር ሆኗል፣ አባ» አሉ። «ውጭ አይቁሙ።»